ዱራሜ፦ ከ777ቱ ደረጃዎች ባሻገር

ለቀጣዩ የዕረፍት ቀን ልጆችዎን የት ሊወስዱ አስበዋል? ቢሾፍቱና ሐዋሳ ከሰለቿቸው በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገው ወደ ዱራሜ ይዝለቁ። የከምባታ ዞን መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐምበሪቾ ተራራ አጠገብ ትገኛለች።

ሐምበሪቾ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በአባቶች ትረካ የከምባታ ሕዝብ መሠረት የሆኑት ሰባት ነገዶች የሰፈሩት እዚህ ተራራ ላይ ነው፤ "ከምባታ ላመላ" መባላቸውም ለዚህ ነው። "ላመላ" በከምባትኛ ሰባት ማለት ነው። ዛሬ ተራራው 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። ልጆች እየቆጠሩ ሲወጡ ድካማቸውን ይረሱታል። እርስዎ ግን አይቸኩሉ፤ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል። በጠዋት ይነሱ፤ ውኃ፣ ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ ይያዙ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ለጉዞው ይመቻል።

ደረጃውን ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ወዲያው መመለስ ይቻላል። እንዲያ ከሆነ ግን ለዱራሜ የሚተርፋት የመኪናዎ አቧራ ብቻ ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው ይደሩ።

ልጅዎ ቆጮን የሚያውቀው ክትፎ ቤት ከሆነ፣ እዚህ ከሥሩ ይየው፦ እናቶች እንሰቱን ሲፍቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ሲያብላሉት፣ ቡላው ሲጠል፣ ቃጫው ገመድ ሲሆን። የገበያውን ቀን ጠይቀው ጀበናና ድስት ወደሚሸጥበት ጥግ ይሂዱ።

በከምባታም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪዎች በሙያቸው ለረጅም ዘመን ተንቀዋል። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነውና ይህን ልበል፦ ልጅ በእናቱ ሙያ ካፈረ ሙያው በአንድ ትውልድ ይጠፋል። በጣሊያን ኡምብሪያ ያለችው ኮረብታማ ከተማ ደሩታ ግን ለዘመናት የምትኮራው በሸክላዋ ነው። ለዱራሜ ሸክላም ክብር የሚጨምርለት ገዢው ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ከሠሪዋ ይግዙ። ስሟን ይጠይቁ፣ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ዋጋ ሲከራከሩም ልጆችዎ እያዩዎት መሆኑን ያስቡ። ጀበናውን በጋቢ ጠቅልለው ልጅዎን ያሳቅፉት፤ የመልሱ መንገድ ረጅም ነው።