መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አብሮ የሚጠፋው ፕሪንተር

ከብት ወይም ግመል ተጭኖ ወደ ሞያሌ፣ ወደ መተማ ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ ሊነሳ ሲል ነጋዴውን እንቅልፍ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው። ማኅተም ያለበት የጤና ሰርተፍኬት ከእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ይመጣል። ኢንቮይሱ፣ የጭነት ዝርዝሩ፣ የጆሮ ቁጥር መዝገቡና የሹፌሩ መታወቂያ ኮፒ ግን አሁን በየነጋዴው ቤት የሚታተሙ ሆነዋል። ሌሊት ላይ ፕሪንተሩ አልታተምም ካለ አይሱዙው ቆሞ ያድራል፤ ተጭኖ የቆመ እንስሳ ደግሞ በየሰዓቱ ኪሎ ይጥላል።

ተበላሸ ተብሎ ወደ ጥገና የሚሄደው ፕሪንተር ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። የጠፋው አድራሻው ነው።

ራውተር ከእሱ ጋር ለተገናኘ ዕቃ ሁሉ አይፒ የሚባል ቁጥር ያድላል፤ ለምሳሌ 192.168.1.5። ኮምፒውተርዎ ብዙውን ጊዜ ፕሪንተሩን የሚያገኘው በዚህ ቁጥር ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ቁጥሩን እንደ አዲስ ሊያድል ይችላል፤ ትናንት የፕሪንተሩ የነበረው 5 ዛሬ ለልጅዎ ስልክ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። በሬዎቹ ወደ በረት 9 ተዛውረው ሳለ ገዢው በረት 5 በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀው ማለት ነው።

መፍትሔው ቁጥሩን ለፕሪንተሩ በቋሚነት ማስያዝ ነው። ከፕሪንተሩ ሜኑ ውስጥ የኔትወርክ መረጃ ገጽ ያትሙ። እዚያ ላይ አይፒ ቁጥሩና ማክ የሚባለው 12 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይገኛሉ። ከዚያ በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ ብራውዘር የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ። አድራሻው ራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ 192.168.1.1 ነው፣ ሲም ካርድ በሚገባባቸው አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ 192.168.8.1። ዲኤችሲፒ ከሚለው ክፍል ውስጥ ሪዘርቬሽን ወይም ስታቲክ የሚል ቦታ ይፈልጉና የፕሪንተሩን ማክና አይፒ አስገብተው ይመዝግቡ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ከሆነ በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲ ውስጥ ፖርትስ የሚለውን ከፍተው ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት ጨምሩ ብለው ያንኑ ቁጥር ይስጡት። ሥራው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራት ቢሄድም ቢመጣም ቁጥሩ ያው ነው።

አዲስ ዕቃ እየተከሉ ከሆነ አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ። ብዙ ፕሪንተሮች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዙን አያዩትም። ራውተሩ ሁለት ስም ካወጣ ፕሪንተሩን ከ2.4ቱ ጋር ያገናኙት። ራውተሩ ባለ ሲም ካርድ ከሆነ የቴሌ ማማው ባለበት አቅጣጫ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት፤ የብረት ቁም ሳጥን ላይ ወይም ቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ ሲግናሉ ይደክማል። የዋይፋዩንም የራውተሩን ገጽም የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ደላላው፣ ሹፌሩ፣ እንግዳው ሁሉ ዋይፋይ የሚጠይቅበት ቤት ከሆነ ጌስት የሚለውን ኔትወርክ ከፍተው የዚያን ቃል ብቻ ይስጡ። ጌስት ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተርዎንም ሆነ የኮምፒውተርዎን ፋይል እንዳያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። የራስዎ ላፕቶፕ በስህተት ጌስት ላይ ከገባም ፕሪንተሩን አያገኘውም።

አሁንም አልታተም ካለ የፕሪንተሩን አይፒ ቁጥር በስልክዎ ብራውዘር ላይ ይጻፉ፤ ስልኩ በዚያው ዋይፋይ ላይ መሆን አለበት። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ ራውተሩም ፕሪንተሩም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ዘንድ ነው። እዚያ ወረፋ ላይ የቆመ የድሮ ሥራ ካለ ይሰርዙ፣ ዩዝ ፕሪንተር ኦፍላይን የሚለው ላይ ምልክት ካለ ያንሱ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። ገጹ ካልተከፈተ ደግሞ ሁለቱንም ያጥፉ፤ መጀመሪያ ራውተሩን ያብሩ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቀጥሎ ፕሪንተሩን።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም አለ። በቤት ዋይፋይ ለማተም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፓኬጅ ቢያልቅም ኔትወርክ ቢቋረጥም ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ ይታተማል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ላፕቶፑን ከስልክ ሆትስፖት ጋር እናገናኝና ኢሜይል የመጣውን ኢንቮይስ እናወርዳለን፤ ከዚያ ፕሪንተሩ "የለም" ይለናል። ላፕቶፑ ከፕሪንተሩ ሰፈር ወጥቶ ሆትስፖት ላይ ነውና እንዴት ያግኘው? ካወረዱ በኋላ ወደ ራውተሩ ዋይፋይ ይመልሱት።

ፕሪንተሩ በኬብል ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ለሌሎቹ የተጋራ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ካልበራ ማንም አያትምም። ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ቤት ውስጥ ይህን ዘዴ አልመክርም።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ መግዛት ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት የሚሠሩና ብዙ ኃይል የማይበሉ ናቸው። ሌዘር ፕሪንተር ግን በዚያ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ፤ ቀለሙን የሚያቀልጠው ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ይጥለዋል። አንድ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነውን የዩኤስቢ ኬብልም ከፕሪንተሩ ጋር አስረው ያስቀምጡ። ራውተሩ ጭራሹን እምቢ ባለበት ሌሊት ላፕቶፑን በቀጥታ ሰክተው ያትማሉ፤ ፕሮግራሙ ግን ቀን ላይ ተጭኖ መሞከር አለበት።