ነፍሰ ጡር ሴት የመስማት ኀይሏ ስለ ምን ይደክማል?

በእርግዝና ጊዜ በሴት አካል ላይ ከሚደርሱት ለውጦች መካከል ማቅለሽለሽ፣ የእግር ማበጥና የወገብ ሕመም በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ጆሮ ግን በዚህ ቍጥር ውስጥ ሲገባ እምብዛም አይታይም። ጆሮዋ የደከመባት ሴት ራሷም ነገሩን ለሐኪም ከመንገር ይልቅ ደጋግማ «ምን አልህ?» ማለትን ትመርጣለች፤ ባልዋ ሐሳቧ ተበታትኗል ይላል፤ መምህርት የሆነች እንደ ሆነ ከክፍሉ መጨረሻ የሚመልሱላትን ተማሪዎች ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ እያለች ትቈጣለች። ነገሩ በታወቀ ጊዜም የጎረቤት ፍርድ አንድ ነው፤ «ከእርግዝናው ነው፤ ስትገላገል ይተዋታል» ይባላል። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እውነት ባልሆነበት ጊዜ ግን የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ጽሑፋችን ምክንያቶቹን ለያይተን ለማስረዳት አስበናል።

ድምፅ ወደ ጆሮ በሚገባበት ጊዜ በመጀመሪያ የጆሮን ታምቡር ይመታል። ከታምቡሩ በስተ ጀርባ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ፤ ከእነርሱም የመጨረሻው የፈረሰኛ እርካብ ስለሚመስል እርካብ ይባላል። እነዚህ አጥንቶች እንቅስቃሴውን ተቀብለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያስተላልፋሉ፤ በዚያም ነርቭ ተቀብሎ ወደ አንጎል ይወስደዋል። ስለዚህ የመስማት ጉድለት ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ይኸውም መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም ውስጠኛው ጆሮና ነርቩ ሲጎዳ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን።

ከመተላለፊያው ወገን እጅግ የተለመደው አፍንጫን ተከትሎ የሚመጣው ነው። በእርግዝና ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዙት ሆርሞኖች የአፍንጫን ውስጣዊ ሽፋን ያሳብጡታል፤ ብዙ ነፍሰ ጡሮች ጉንፋን ሳይዛቸው አፍንጫቸው የሚታፈነው ስለዚህ ነው። ከመካከለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቧንቧ አለ፤ ሥራውም በታምቡሩ በስተ ጀርባ ያለውን አየር ከውጭው አየር ጋር ማስተካከል ነው። ይህ ቧንቧ አብሮ ሲያብጥ ጆሮ ውሃ የገባበት ያህል ይደፈናል፣ ድምፅም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይደርሳል፤ ይልቁንም በብርቱ ትውከት ምክንያት ከስተው እንደ ሆነ ቧንቧው ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሴትዮዋ የገዛ ድምፅዋና ትንፋሽዋ በጆሮዋ ውስጥ ያስተጋቡባታል፤ ጋደም ስትል ወይም ራስዋን ዝቅ ስታደርግ ይቀልላታል። ሁለቱም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይተዋሉ።

የጆሮ ኩክም ተጠራቅሞ መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ከእርግዝና ጋር የተለየ ዝምድና ባይኖረውም ለማከም እጅግ ቀላል ስለ ሆነ በመጀመሪያ ሊመረመር ይገባዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በክር ታስሮ በአንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረው የብር ኩክ ማውጫ ጌጥነቱን እናደንቃለን፤ መሣሪያነቱን ግን አንወድም። እርሱም ሆነ የክብሪት እንጨት ወይም የፀጉር መያዣ ሽቦ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ታምቡሩንም ይበሳል። ከጆሮዋ መግል ለሚወጣ ሴት ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ከመተላለፊያው ሕመሞች መካከል ስለ እርግዝና ብዙ የተወራበት ኦቶስክሌሮሲስ የሚባለው ነው። በዚህ ሕመም በእርካቡ ዙሪያ አዲስ አጥንት ይበቅልና እርካቡን አጣብቆ እንዳይነቃነቅ ያደርገዋል። ሕመሙ በከፊል በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ላይ በብዛት፣ በጥቁር አፍሪካውያን ላይ ግን በጥቂቱ ይታያል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። የያዛት ሴት ምልክቶችዋ ልዩ ናቸው። የገዛ ድምፅዋ በራስ ቅሏ አጥንት በኩል በደንብ ስለሚሰማት በለሆሳስ ትናገራለች፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያልሰማችውንም ጫጫታ በበዛበት ገበያ መካከል ትሰማለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ለማመን ያስቸግራል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። በጫጫታ መካከል ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ እርስዋን ደግሞ ጫጫታው ራሱ ብዙም አያውካትም። ቶማስ ዊሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1672 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከበሮ ሲመታ ብቻ ስለምትሰማ አንዲት ሴት ጽፏል፤ ባልዋም ከሚስቱ ጋር ለመነጋገር ሲል ከበሮ መቺ አሽከር ቀጥሮ በቤቱ አኖረ ይላል። እኛ ይህን ባል እናመሰግነዋለን፤ ሚስቱን አትሰማም ብሎ አልተዋትምና።

ይህ ሕመም በእርግዝና ይብሳል የሚለው አሳብ በሐኪሞች ዘንድ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቈይቶ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአውሮፓ ሕመሙ የያዛት ሴት እንዳትፀንስ የሚመክሩ ሐኪሞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ይህም ሴቶች የሚወልዱበት ዘመን ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት ስለ መጡ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይቻልም። በቅርብ ዘመን የወለዱትንና ያልወለዱትን ሕመምተኞች ያነጻጸሩ ምርመራዎች የወለዱት ይበልጥ መጎዳታቸውን አላረጋገጡም። ስለዚህ አንዲት ሴት ጆሮዋን በመፍራት ልጅ ከመውለድ እንድትቀር መምከር ተገቢ አይደለም። ሕክምናውም አለ። ጆን ሺ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የተጣበቀውን እርካብ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ተክቶታል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች እንደ ሆነ ቀዶ ሕክምናው ከወሊድ በኋላ ይደረግላታል፤ እስከዚያው በመስሚያ መሣሪያ ትረዳለች።

አሁን ወደ ውስጠኛው ጆሮ እንለፍ። ከዚህ ወገን በመጀመሪያ የምናነሣው መድኃኒትን ነው። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን ጆሮን የሚያስጮኽና የሚያደነቍር መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው (በአገራችን ማናቸውም እንክብል «ኪኒን» መባሉ ከዚሁ መድኃኒት ስም የመጣ ነው)። ጩኸቱ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን ወባ ለነፍሰ ጡርና ለፅንሷ ከጆሮ ጩኸት ይልቅ እጅግ የከፋ ስለ ሆነ፣ የታዘዘላትን መድኃኒት በገዛ ፈቃዷ ከምታቋርጥ ለሐኪሙ ትንገር። እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉት መርፌዎች ግን ነገራቸው ሌላ ነው። የሚሰሙትን ረቂቅ ሕዋሳት ይገድላሉ፣ የሞቱትም ተመልሰው አይበቅሉም፤ ስትሬፕቶማይሲን በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ጆሮ ጭምር ይጎዳል። ስለዚህ ማናቸውንም መርፌ ከመወጋቷ በፊት እርጉዝ መሆኗን መናገር አለባት፤ እርግዝናው ገና የማይታይ ቢሆንም እንኳ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኵለው ድንገተኛ መደንቈር ነው። ሴትዮዋ ማታ ደኅና ተኝታ ጧት ስትነሣ አንዱ ጆሮዋ አይሰማም፤ ወይም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይጠፋባታል፤ ጩኸትና ማዞርም ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በእርግዝና ጊዜ የሚደርሰው ከስንት አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አይገኝም። ከሚጠረጠሩት አንዱ በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ጠባዩ መጨመሩ ነው፤ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ደም የምታደርሰው ቀጭን የደም ሥር አንዲት ብቻ ስለ ሆነች፣ እርስዋ ከተዘጋች ሌላ መንገድ የለም። ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ቢሰጥ መስማትን ሊመልስ ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ተስፋው እየጠበበ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡር ሲሆን ሐኪሙ መድኃኒቱን በታምቡሩ በኩል በመርፌ ወደ ጆሮው ብቻ ሊያስገባው ይችላል። እንግዲህ «ስትገላገል ይተዋታል» ተብሎ የሚጠበቀው ወራት፣ ለዚህች ሴት መዳኛዋ የነበሩትን ቀናት የሚበላባት ነው።

የተደፈነውን ጆሮ ከደነቈረው ለመለየት የሚረዳ፣ መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ። ሴትዮዋ አፏን ዘግታ «እምምም» እያለች ታሰማ፤ ድምፁም በየትኛው ጆሮዋ ጎልቶ እንደሚሰማት ትጠየቅ። በታመመው ጆሮ የጎላ እንደ ሆነ ጉድለቱ ከመተላለፊያው ነው፤ በደኅናው ጆሮ የጎላ እንደ ሆነ ግን ነርቩ መጎዳቱን ያመለክታልና ሳይውል ሳያድር ወደ አንገት በላይ ሐኪም ትሂድ። መምህራን ይህን በራሳቸው ሊሞክሩት፣ ለተማሪዎቻቸውም ሊያሳዩት ይችላሉ፤ አንዱን ጆሮ በጣት ደፍኖ «እምምም» ቢሉ ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ሲሸሽ ይሰማል። ጤና መኰንኑ ሹካ በሚመስል ባለ ሁለት ጣት ብረት የሚያደርገው ምርመራ በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ ነው። ይህ ዘዴ አንድ ጆሮ ብቻ በታመመ ጊዜ የሚረዳ እንጂ የሐኪምን ምርመራ የሚተካ አይደለም፤ ድንገት የጠፋ መስማት ደግሞ የሙከራው ውጤት ምንም ይሁን ምን መመርመር አለበት።

ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ የጆሮ ጩኸት ከብርቱ ራስ ምታት፣ ከዐይን ብዥታ ወይም ከፊትና ከእጅ ማበጥ ጋር ሲመጣ ነገሩ የጆሮ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ። 140 በ90 የደረሰ እንደ ሆነ የእናቲቱንም የልጁንም ሕይወት ያሰጋል። ደም ያነሳት ሴትም የልብዋ ምት በጆሮዋ ውስጥ ሹው ሹው እያለ ሊሰማት ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ጥቂት ሳምንታት አልፈው መስማቷ ያልተመለሰላት እመጫት እንደ ገና ትመርመር። እስከዚያውም ድረስ ቤተ ሰቦችዋ አንድ ነገር ያስቡላት። አንድ ጆሮዋ የደከመ እናት በደኅናው ጆሮዋ ላይ የተኛች እንደ ሆነ ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ አትሰማውም። ስለዚህ መኝታዋ ደኅናው ጆሮዋ ወደ ላይ በሚሆንበት አኳኋን ይዘጋጅላት፤ አብሯት የሚያድር ሰውም ልጁ ሲያለቅስ እንዲቀሰቅሳት አስቀድሞ ይነገረው።