በረኪና፤ ማጠብ፣ ማንጣትና ተሕዋስያንን መግደል

«በረኪና» ከኢጣሊያንኛው «ቫሬኪና» የተወሰደ ቃል ነው። መነሻው «ቫሬክ» የተባለው የባሕር አረም የፈረንሳይኛ ስም ሲሆን፣ የአረሙ ዐመድ ቀድሞ የሶዳ ምንጭ ነበር። ዛሬ በአዊ ምድር በጥሊሊ ሱቅም ሆነ በጣና የዓሣ ጀልባ ላይ ቃሉ የሚያመለክተው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለበትን ፈሳሽ ነው።

ተርጓሚን የሚያስቸግረው ግን ስሙ ሳይሆን ግሡ ነው። «ጀልባውን በሳሙናና በበረኪና ማጽዳት» ሲባል ሁለት ተግባር በአንድ ቃል ይጠቀለላል። ሳሙና የዓሣውን ደምና ቅባት ያስለቅቃል፤ ይህ «ማጠብ» ነው። በረኪና ቀለም ያነጣል፣ ተሕዋስያንንም ይገድላል፤ ነገር ግን ደምና ቅባት ባልታጠበበት ወለል ላይ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ መጀመሪያ «ማጠብ»፣ ቀጥሎ «ማለቅለቅ»፣ በመጨረሻም «ተሕዋስያንን መግደል» ተብሎ በተራ ይጻፍ። «ማንጣት» ለቀለም ብቻ ይወሰን፤ የነጣ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና።

«ማጽጃ» የሚለው የወል ስምም ጥንቃቄ ይሻል። እንዶድ ልብስ ያጥባል፤ ዓሣን ግን ይገድላል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን ይወጣዋል። እንግዲህ በመመሪያ ትርጉም እያንዳንዱ ማጽጃ በየስሙ ሊጠራ ይገባል።