«ምንም ማድረግ አይቻልም» ካልኩ በኋላ

ባለፈው ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍልኝ። ዛሬ የምነግራችሁ የራሴን ስህተት ነው።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ተመላላሽ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከየጥኖራ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች እናት ገባች፤ ሕመሟ የጨጓራ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጇ የእናቷን ነጠላ ጨብጣ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። መድኃኒቱን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እናትየዋ «እግረ መንገድሽን ይቺንም እዪልኝ ሲስተር» አለችኝ። (በእኛ አገር ሴት ሐኪም ሁሉ ሲስተር ናት፣ ለምጄዋለሁ።)

አየኋት። ሁለቱም ዓይኖቿ ጠባሳ ለብሰው ሟሙተዋል። በሕፃንነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየችም። ባሕር ዳር ድረስ ወስደዋት የዓይን ስፔሻሊስት አይቷታል፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች። አነበብኩት። እንዲህ የሟሙተ ዓይን በመስታወት ንቅለ ተከላም አይመለስም። እኔም በተቻለኝ ትሕትና «እናቴ፣ ለዓይኗ ምንም ማድረግ አይቻልም» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

ያልኩት ነገር በሕክምና ስህተት የለበትም። ችግሩ እዚያ ላይ ማቆሜ ነው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይ? ብዬ አልጠየቅኩም። ሰባት ዓመት የሕክምና ትምህርት ተምሬ፣ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ የት ሄዳ ፊደል እንደምትቆጥር አላውቅም ነበር። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፈር እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ለትምህርት ቤት ሪፈር ይጻፋል የሚል ሐሳብ ግን በጭንቅላቴ አልፎ አያውቅም።

ከአራት ወር በኋላ አንድ የልዩ ፍላጎት መምህር ለራሱ ሕመም መጣ። ጨዋታ ስንጀምር፣ ዓይነ ስውራን ልጆች ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ነገረኝ። «ልጆቹማ አሉ፣ ዶክተር፤ ቤት ውስጥ ናቸው። ማን ያምጣልን?» አለኝ። ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። ካርዷን አስወጥተን ቀበሌዋን አገኘን፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ ድረስ ሄደች። ልጅቱ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። በጎ ፈቃደኛ ይሉኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሄድኩት በጸጸት ነው።

ስለ ዓይነ ስውርነት መጠን ጥቂት ልበላችሁ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ 87.4 በመቶው መከላከል ወይም ማከም በሚቻል ምክንያት የመጣ ነው። ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ሲሆን፣ የእኛ ክልል ዋነኛ ጠላት የሆነው ትራኮማም ከፍተኛ ድርሻ አለው። በልጆች ላይ ደግሞ ኩፍኝና የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲገናኙ መስታወቱን ያቆስሉታል፣ ይበሱታል። ስለዚህ የ9 ወርና የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ እንዳያመልጣችሁ። የልጃችሁ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ካያችሁ ወይም ፎቶ ስታነሱት አንዱ ዓይን ነጭ ካበራ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዱት። የልጅ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ካልተሠራ አንጎል ማየት ሳይለምድ ይቀራል። ከዚያ የከፋ፣ ነፍስ የሚነጥቅ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። የመጀመሪያ ቀን ብስኩትና ከረሜላ ይዤ ሄድኩ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ብስኩቱን ተቀበለኝና «ስታይለስ ግን አላመጣሽም?» አለኝ። ስታይለስ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩ። ብሬል የሚጻፍበት ነው፤ እጀታ ያለው ወስፌ በሉት። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ስሌት መሐል ወፍራም ወረቀት ይገባና ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ ይጻፋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ጉብ ጉብ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባሉ። የሚጽፈው ልጅ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ ማሰብ አለበት ማለት ነው! በአማርኛ ብሬል ደግሞ «ሉ» አንድ ምልክት አይደለችም፤ የ«ል» እና የ«ኡ» ድምፅ ለየብቻ ይጻፋሉ። እኔ እስካሁን ነጥቦቹን በዓይኔ ነው የማነበው፣ ጣቴ እሺ አላለኝም። ልጆቹ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ስለማይሰሙ ያውቁብኛል።

የልጅቱ እናት ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ስታይለሱን ስትዳስስ «ይኸማ ወስፌ ነው!» አለች። ስፌት ሰፊ ናት። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ብሬልን የፈጠረው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ራሱ የታወረው፣ በሦስት ዓመቱ የኮርቻና የልጓም ሠሪ አባቱ ወርክሾፕ ውስጥ በቆዳ መብሻ ዓይኑን ወግቶ ነው። ጽሑፉን አሳትሞ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1829፣ ገና በ20 ዓመቱ ነበር። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና ስታይለሱን ለልጇ መልሳ ሰጠቻት።

ወፍራም ወረቀት ማግኘት ፈተና ነው፤ ተራ ደብተር ይቀደዳል። እኛ አሮጌ የግድግዳ ካላንደር እንሰበስባለን። (ቤታችሁ የአምና ካላንደር ካለ አትጣሉት።) የብሬል መጻሕፍት ከዚያም የከበዱ ናቸው፤ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ቅጽ ይወጣዋል። ስለዚህ በስልክ እያነበብን እንቀዳለን። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት በሚሞሪ ካርድ ነበር የምናዳርሰው፤ ዘፈን የሚጭነው ሱቅ በነጻ ይገለብጥልን ነበር።

ንባብ ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ከታች ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» የሚል አረፍተ ነገር ገጠመኝ። አነበብኩትና አለፍኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ የስታይለስ ልጅ «ዶክተር፣ ሥዕሉን አልፈሽዋል» አለኝ። አሁን ለአንድ ሥዕል አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ይወስድብኛል። ደግሞ ቀስ ብለሽ አታንብቢ ብለው ይቆጡኛል፤ ጆሯቸው ፈጣን ነው።

አንድ ቀን የሳይንሱ ትምህርት የዓይን ክፍሎች ላይ ደረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ላልፈው ፈልጌ ነበር። ለዓይነ ስውር ልጅ ስለ ዓይን ማስረዳት የሚያሳፍር መሰለኝ። መምህሩ «እኛ ነን እንጂ እነሱ አያፍሩም» አለኝ። ከአንዷ ሠራተኛ ቤት ሊጥ አስመጣን። ድቡልቡል ዓይን ሠራን፤ ለሌንሱ ምስር ከተትንበት። ሌንስ የሚለው ቃልም'ኮ በላቲን ምስር ማለት ነው፣ በቅርጹ የተነሳ። ለፊተኛው መስታወት የስልክ መሸፈኛ ፕላስቲክ ቆርጠን ለጠፍን። ልጆቹ እየተቀባበሉ ዳሰሱት።

ያቺ ልጅም ከትልልቆቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ደጋግማ ዳሰሰችውና «የኔ የተበላሸው የቱ ጋ ነው?» አለች። ጣቷን ይዤ ፕላስቲኩ ላይ አደረግኩት። «እዚህ ጋ ነው። መስታወቱ ቆሰለ፣ ከዚያ ተበሳ።» ትንሽ ቆየችና «እማዬ ናት የበሳችው?» አለች።

ጎረቤት ሲያወራ ሰምታ ነው። ዓይኗ የቀላ ጊዜ እናትየዋ በሰው ምክር የቅጠል ጭማቂ ጠብ አድርጋባት ነበር። እንግዲህ ምን ይባላል? ቅጠል ዓይን ውስጥ መጨመር ጎጂ ነው፣ ቁስሉን ሊያባብሰው ይችላል፤ እናንተንም አታድርጉ እላለሁ። ለእሷ ግን የማውቀውን ነገርኳት። «ያሳመመሽ ኩፍኝ ነው። እናትሽ ልታድንሽ ስትሞክር ነበር፣ የተነገራት ነገር ነው ልክ ያልነበረው።» ራሷን ነቀነቀችና ዓይኑን ለሚቀጥለው ልጅ አቀበለች። እኔ ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

እናትየዋንም ለብቻዋ አናገርኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኃጢአቴ ውጤት ነው ስትል ኖራለች፣ ልጇን ቤት ያስቀመጠቻት እንዲህም ስለሆነ ነው። ሰው እንዳያያት። ያን ቀን ተረኛ ሆኜ አምስት ደቂቃ ጨምሬ ብጠይቃት ኖሮ ይህን ያኔ እሰማ ነበር።

በጎጃም ዓይነ ስውር ልጅ መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ትምህርቱ በቃል ስለሚነገር፣ ዓይነ ስውር ተማሪም ዓይነ ስውር የኔታም ብርቅ አይደሉም። ያ በር ግን ለሴት ልጅ እምብዛም አልተከፈተም። ለሴት ልጅ ምን ይሆናል ለምትሉኝ፣ የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። የተወለደችው አማራ ሳይንት፣ ወሎ ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፤ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውር ባትሆን ኖሮ በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት እንደነበር ተናግራለች። ይህን የእኛ አካባቢ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሌላም ነገር አለ። ዓይነ ስውር ተብለው የተመዘገቡ ልጆች ሁሉ ፍጹም ጨለማ ውስጥ አይደሉም። በሕክምና መለኪያ በተሻለው ዓይኑ ጣት በሦስት ሜትር መቁጠር ያቃተው ሰው ዓይነ ስውር ይባላል፤ በአንድ ሜትር ግን ይቆጥር ይሆናል። ከክፍሉ አንዱ ልጅ ወረቀት አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሲያሽት አየሁት። መረመርኩት፣ ሪፈር ጻፍኩ፣ ወፍራም መነጽር ይዞ ተመለሰ። አሁን ፊት ወንበር ተቀምጦ፣ በወፍራም ማርከር የተጻፈለትን በዓይኑ ያነባል። ሁለት ዓመት በጣቱ ሲማር ነበር፤ የለካው ሰው አልነበረም።

ለመምህራን፦ ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ ድምፃችሁን አውጡ። «ይህ ከዚህ ጋር» አትበሉ፣ ስሙን ጥሩት። ለሌሎቻችን፦ ስትቀርቡ ስማችሁን ተናገሩ፤ እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ክርናችሁን እሱ ይያዝ፤ «ምን ይፈልጋል?» ብላችሁ አብሮት ያለውን አትጠይቁ፣ ራሱን ጠይቁት። ለሥራ ባልደረቦቼ፦ ከካርዱ ላይ «ትማራለች ወይ?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ትምህርት እዚያ ውስጥ በመብትነት ተቀምጧል። እኛ የምንጽፈው ወረቀት ለወላጅ ክብደት አለው። እኔ አሁን የማይመለስ ዓይን ካየሁ፣ ሁለተኛ ሪፈር ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እጽፋለሁ። አንዳንዱ መልስ አያገኝም፣ በስልክ እከታተላለሁ።

በመጪው ቅዳሜ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መቅዳት እንጀምራለን። ክፍልፋይ አስቸግሮናል። «ሦስት ሲካፈል ለአራት ሲደመር ሁለት» ብዬ ሳነብ፣ የሚካፈለው ለአራቱ ብቻ ይሁን ለሁለቱ ድምር ልጆቹ ይጠፋባቸዋል። ከእናንተ መሐል ለዓይነ ስውራን ሒሳብ ያስተማረ ካለ፣ በድምፅ እንዴት እንደምታነቡት ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።