ሙቀቱ በጣሪያ ይወጣል፤ ገንዘቡስ ከየት ይገባል?

ባለፈው ጥር ለአገው ፈረሰኞች በዓል ወደ እንጅባራ ሄጄ ነበር። ያደርኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው የአክስቴ ቤት ነው። ዘንገናን ላላያችሁት፦ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ማታ ላይ አክስቴ የተቀጣጠለ ከሰል በምድጃ ይዘው ገቡና በሩንም መስኮቱንም ዘጉ። ቤቱ ሞቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሴን ይወጋኝ ጀመር። ተነስቼ በሩን ስከፍተው አክስቴ ሳቁም፣ ተቆጡም።

«ልጄ፣ ብንከፍተው ብርዱ ይገባል፣ ብንዘጋው ያፍነናል። እናንተ የተማራችሁት መላ የላችሁም እንዴ? ለምድጃ ብድር አለ፣ ለባዮጋዝ ድጎማ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለብርድስ የሚሰጥ የለም?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ ገንዘብ። ከፊዚክሱ እንጀምር።

ከሰሉ ለምን ያማል?

ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ እየተነፈስን እንታፈናለን። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽና ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። አደጋው እንቅልፉ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው በዚያው ይቀራል።

እንደ ዘንገና ባለ ደጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ነገር ያዙ፦ የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይታደርም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ማለት መፍትሔ አይደለም። ፍሙም ጋዙን ያወጣል።

ሙቀቱ የት ይሄዳል?

እሺ፣ ከሰሉን አወጣነው። ታዲያ ቤቱ በምን ይሙቅ? ከዚህ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሙቀት በየት በኩል ሾለከ?

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት እንዲህ ነው። ውጭና ውስጥ የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ወይም ግድግዳ በኩል ስንት ዋት ሙቀት ያልፋል? ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ቤቱ ሙቀት ያፈስሳል፤ ትንሽ ከሆነ ይይዛል።

የአክስቴን ቤት እንውሰድ። 6 በ5 ሜትር ነው፣ 30 ካሬ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በግምት 7 ዋት ያሳልፋል። ሌሊት ውስጡ ከውጭው በ8 ዲግሪ እንዲሞቅ ብንፈልግ፦

7 × 30 × 8 = 1,680 ዋት

ይህ ሁሉ በጣሪያው ብቻ የሚወጣ ነው። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የጭቃ ግድግዳ ወደ 2 ዋት ያሳልፋል። የግድግዳው ስፋት 55 ካሬ ስለሆነ 2 × 55 × 8 = 880 ዋት። በክፍተቶች የሚወጣውን አየር ትተን ሁለቱን ብናወዳድር፣ ከሚጠፋው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው በቆርቆሮው ነው።

በነገራችን ላይ የሣር ቤት እንዲህ አልነበረም። በሰንበሌጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተከደነ ጣሪያ በየሣሩ መሃል አየር አስሮ ይይዛል፤ የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ በየጊዜው ክደኑኝ አይልም። ሰው የመረጠው በምክንያት ነው። ግን ሣሩን ስናወርድ የቤቱን ብርድ ልብስ አብረን አወረድነው። በምትኩ ምንም አላለበስነውም።

ኮርኒሱ ምን ያደርጋል?

ከቆርቆሮው በታች የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ብንወጥር መሃል ላይ የታሰረ አየር ይፈጠራል። የሚያልፈው ከ7 ወደ 3 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ 1,680 የነበረው 720 ሆነ ማለት ነው። ጠንከር ያለ የቀርከሃ ኮርኒስ ሠርተን ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጭድ ብንደለድልስ? ወደ ግማሽ ዋት! ስሌቱ፦

0.5 × 30 × 8 = 120 ዋት

ይህን በከሰል እንመንዝረው። አንድ ኪሎ ከሰል ወደ 30 ሜጋ ጁል ሙቀት ይሰጣል። በባዶው ቆርቆሮ በ10 ሰዓት ሌሊት የሚጠፋውን ለመተካት 2 ኪሎ ከሰል ያስፈልጋል። በማዳበሪያ ኮርኒስ 1 ኪሎ አይሞላም። ከጭዱ ጋር 150 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ሁለት እፍኝ ብቻ።

የሚገርመው ሌላ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ከ70 እስከ 100 ዋት ሙቀት ያወጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 400 ዋት ገደማ «ማሞቂያ» አለው። በባዶ ቆርቆሮ ይህ ሙቀት የትም አይደርስም። ኮርኒስና ጭድ ባለው ቤት ግን በጣሪያና በግድግዳ ከሚጠፋው 1,000 ዋት ውስጥ አርባ በመቶውን የቤተሰቡ ገላ ይሸፍነዋል፤ ያለ ከሰል፣ ያለ መብራት ቆጣሪ።

ጥንቃቄም አለው። ጭድ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ እሳት በሚነድበት ማድ ቤትና በተላጠ የመብራት ሽቦ አጠገብ አይደረግም። ክብደትም አለው፤ ለ30 ካሬ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል ተሸካሚው እንጨት ጠንካራ መሆን አለበት። ቆርቆሮው የሚያፈስስ ከሆነ ቀድሞ ይጠገን፤ የረጠበ ጭድ አያሞቅም፣ ይሻግታል። ደግሞ ሙቀት መያዝ ማለት ቤቱን መድፈን አይደለም። ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይቅር።

እርዳታው ለምን ምድጃው ላይ ቆመ?

አሁን ወደ ገንዘቡ። አክስቴ የሰሙት ልክ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አማራ ክልል ከአራቱ ክልሎች አንዱ ነበር። ፕሮግራሙ ከማብላያው ወጪ ከፊሉን ይደጉም ነበር፤ ቀሪውን ባለቤቱ በጉልበት፣ በአሸዋና በድንጋይ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በብድር ይሸፍን ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከ8,000 በላይ ተሠርተዋል። የእንጀራው «ምርጥ» ምድጃና የከሰሉ «ላቀች» ምድጃም በመንግሥትና በልማት ድርጅቶች ድጋፍ ነው የተስፋፉት።

ለምን እነዚህ? አንዱ ምክንያት ተለክተው ስለነበር ይመስለኛል። «ምርጥ» ከሦስት ጉልቻው ምጣድ አንጻር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። «ላቀች» ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። አንድ ባለሥልጣን ወይም ባንክ ፊት «ይህን ያህል ማገዶ፣ ይህን ያህል ዛፍ ይተርፋል» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። እነዚህ ፕሮግራሞች የቆጠሩት ማገዶና ጭስ ነው፤ ጣሪያው ከስሌቱ ውጭ ቀረ።

የኒውዚላንድ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እዚያ ተመራማሪዎች 1,350 ገደማ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች በዕጣ ከሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ቤቶች መጀመሪያ ሙቀት እንዲይዙ ተደረጉ፤ ሌሎቹ ለንጽጽር ቆዩና በኋላ ተሠራላቸው። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። የመኝታ ቤቱ ሙቀት የጨመረው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነበር። ግን ቤቶቹ የተጠቀሙት ኃይል በ19 በመቶ ቀነሰ፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት የሚቀሩባቸው ቀናት ቀነሱ። በ2009 መንግሥት ለቤት ጣሪያና ወለል ድጎማ የሚሰጥ ሰፊ ፕሮግራም ጀመረ። መለኪያው ቀደመ፣ ገንዘቡ ተከተለ።

እኛ ጋ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ኮርኒስ አስቸጋሪ ወጪ ነው። ከሰል በጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ ኮርኒስ ግን በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ለዚህ ዓይነቱ ወጪ አገራችን የቆየ መላ አላት።

አንደኛው እቁብ ነው። አሥር ጎረቤቶች በየወሩ ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት የራሱን ኮርኒስ ያሠራል። ወለድ የለውም፣ መያዣ የለውም።

ሁለተኛው ወንፈል ነው። ጭዱ ከአውድማ፣ ቀርከሃው ከአካባቢው ይገኛል፤ በእንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ዕቃ የሚሠሩትን እጆች ያየ ሰው ኮርኒስ አያቅታቸውም ይላል። ለአጨዳ የሚወናፈል ጎረቤት ለጣሪያም ሊወናፈል ይችላል። ያኔ የጉልበቱ ወጪ ወረደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ብድር ነው፤ በቀበሌው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በባንክ። በክልሉ ገጠር «አብቁተ» ተብሎ የሚታወቀው ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ባንክ ሆኗል። አበዳሪ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ በምን ይመለሳል? መልሱ ይህ ቀመር ነው፦

የኮርኒሱ ወጪ ÷ በወር የሚተርፈው የከሰል ገንዘብ = ወጪው የሚመለስበት ወር

ለስሌት ያህል ብቻ፣ ኮርኒሱ 9,000 ብር ቢፈጅና በብርድ ወራት በወር 1,500 ብር ከሰል ቢያድን በ6 የብርድ ወር ይመለሳል። የእናንተን ሰፈር ዋጋ አስገቡና ሥሩት።

«እኛ እኮ ከሰሉን የምናመርት ነን» የሚል የአዊ አንባቢም ይኖራል። እውነት ነው፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደከረንስ ተተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አድጎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ሲሄድ ቆይቷል። ግን ቤት ውስጥ ያልነደደ ጆንያ ገበያ የሚወጣ ጆንያ ነው። የቁጠባው ስሌት ለአምራቹም ይሠራል።

የእናንተ ድርሻ

ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። አንዱን ውጭ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቆርቆሮውን ሳይነካ ስቀሉ። ሌላውን መኝታ ክፍል በአልጋ ከፍታ ላይ። ማታ 3 ሰዓትና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱንም መዝግቡ። የሚፈለገው በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም ሌሊቶቹ እኩል አይበርዱም። ኮርኒስ ባለውና በሌለው ጎረቤት ቤት በተመሳሳይ ሌሊት ብትለኩ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ሰባት ሌሊት ይበቃል። ያ ደብተር ለእቁብ ዳኛው፣ ለቁጠባ ማኅበሩ፣ ለወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ የሚታይ ነገር ነው።

አክስቴ ቤት ሁለት ቴርሞሜትር ትቼ መጣሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው የአክስቴ ልጅ ቁጥሩን በስልክ ትልክልኛለች። የላከችው የመጀመሪያው ንጋት እንዲህ ይላል፦ ውጭ 6፣ ውስጥ 8። ሁለት ዲግሪ ብቻ። ከሥሩ ደግሞ ጨምራበታለች፦ «እማዬ ጭዱን ለከብት እንዳትጨርሱት ብላለች።»