ከማሽኑ በፊት

በትልልቅ ሆቴሎች ሰሐን፣ ብርጭቆና ድስት የሚያጥበው፣ የወጥ ቤቱን ወለልም የሚያጸዳው ክፍል ስቱዋርዲንግ ይባላል። የክፍሉ ኃላፊ ቺፍ ስቱዋርድ ነው። ፈረቃ ማውጣት፣ ሳሙና ማዘዝና ዕቃ መቁጠር የማንኛውም ኃላፊ ሥራ ስለሆነ አልቆይበትም።

«ማሽን ካለ አጣቢ ምን ይሠራል?» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የማሽኑ ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣቸዋል። አሜሪካዊቷ ጆሴፊን ኮክሬን የቤት ሠራተኞች የሸክላ ሰሐኖቿን እየሸረፉ ቢያስቸግሯት እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘችበትን ማሽን ሠራች። መጀመሪያ ያደረገችው የሰሐኖቹን ልክ ወስዳ ለእያንዳንዱ ዓይነት የሽቦ ማስቀመጫ ማዘጋጀት ነበር። ሥራው ከመለየት ጀመረ ማለት ነው፤ የሚለየው ደግሞ ሰው ነው። ማሽኑን ቀድመው የገዙትም ሆቴሎች ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ግን ሙቅ ውሃ ሁሉን ያጸዳል የሚለው ነው። በሙቀት በሚያጸዳ ማሽን የማጠቢያው ውሃ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፣ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ቢያንስ 82 ዲግሪ ይሆናል። ጀርም ይሞታል፤ እንቁላል ግን በዚያ ሙቀት ይበስላል። ያልተነሳ የእንቁላል ቅሪት ሹካው ላይ ደርቆ ይጣበቅና ጀርም የሌለው ቆሻሻ ሹካ ይወጣል። ሊጥም እንዲሁ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ እንቁላልና ሊጥ የነካው ዕቃ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ ሙቁ ቀጥሎ ይመጣል።

ስንዴ አብቃይ በሆነው አርሲ ይህን ለማወቅ ሆቴል መግባት አያስፈልግም። በዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ያለችው ኦጎልቾ እ.ኤ.አ. በ2012 ለተለቀቀ የዳቦ ስንዴ ዝርያ ስሟን ሰጥታለች። አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆቴል ያገኘኋት የስቱዋርዶች ሱፐርቫይዘር የኦጎልቾ ልጅ ናት። ቡሃቃ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠብ ከእናቷ ነው የተማረችው። የጠዋት ፈረቃ ላይ ሳያት ከቁርስ የተመለሱትን ሹካዎች ከመዘፍዘፊያው እያወጣች በጥርሶቹ መሃል የአውራ ጣቷን ጥፍር ታሳልፍ ነበር። እንቁላል የሚደበቀው እዚያ ነው። ማንኪያዎቹን ከሹካና ከቢላ ጋር ቀላቅላ ማስቀመጫው ውስጥ አቆመቻቸው፤ ማንኪያ ከማንኪያ ጋር ከተጣበቀ መሃሉ ውሃ አያገኝም። አንድ አስተናጋጅ ብርጭቆ በብርጭቆ ውስጥ ከትቶ ሲመጣ፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ስታደርገው አንዱ አንዱን ይሰነጥቀዋል። ለየብቻ አምጣልኝ» አለችው። ድምፅዋን ሳታነሳ ነው የተናገረችው፤ እሱም ብርጭቆዎቹን ይዞ ተመለሰ። ይህን የሚያህል ችሎታ ያላት ሴት «አጣቢ» ተብላ የምታልፍበት ቤት ሥራውን አያውቀውም ባይ ነኝ።

ከማሽን የወጣ ሰሐን በፎጣ አይወለወልም። የሞቀው ሰሐን በራሱ ይደርቃል፤ አንድ ፎጣ ግን የመጀመሪያውን ሰሐን እድፍ እስከ መጨረሻው ያዳርሳል። ለማሳመር ብላችሁ የምትወለውሉ፣ እባካችሁ ተዉት።

ወጥ ሰሪዎችንም አልምርም። ያረረ ድስት ሲቀርብ ማረሩ ይነገር፣ ቶሎ ይዘፍዘፍ። ቢላ ደግሞ ለስቱዋርዱ በእጁ ይሰጠው፤ አረፋ በሞላው ገንዳ ውስጥ የተጣለ ቢላ አይታይም፣ የሚያገኘውም የአጣቢው እጅ ነው።