ከረጢቷን ጥለው ገንዘብዎን አይጣሉ

አዲስ ራዲዮ ወይም አዲስ ጫማ የገዛ ሁሉ ያውቃታል። ከካርቶኑ ውስጥ «አትብሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ የታተመባት፣ ጥቃቅን ጠጠር የያዘች ትንሽ ከረጢት ትወጣለች። ብዙዎቻችን ሳናገላብጣት እንወረውራታለን። ጫማ ገዢው ቢጥላት ብዙም አይጎዳም። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚያስመጣ፣ የሚያከፋፍል ወይም የሚያደልል ሰው ግን ትርፉን አብሮ ሊጥል ይችላል።

በከረጢቷ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሲሊካ ጄል ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ዋልተር ፓትሪክ በ1919 እ.ኤ.አ. የአሠራሩን የፈጠራ መብት አግኝተውበታል። በረቂቅ ቀዳዳዎቹ የአየሩን እርጥበት ይመጣል፤ እርጥበት በበዛበት ቦታ የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል።

ቺፕ እንደ ፈንዲሻ

ቺፕን የሚሸፍነው ጥቁር ፕላስቲክ ለዓይን ድፍን ቢመስልም እርጥበት ቀስ እያለ ይገባበታል። ጉዳቱ የሚታየው ቺፑ በቦርድ ላይ ሲበየድ ነው። እርሳስ የሌለበት ብየዳ በሚሠራበት ምድጃ ሙቀቱ እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። የተደበቀው ውሃ በድንገት እንፋሎት ይሆንና ፕላስቲኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ባለሙያዎች ይህን ብልሽት «ፈንዲሻ» ይሉታል። ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ቦርዱ በፍተሻ ያልፍና ከወራት በኋላ ደንበኛው እጅ ላይ ይሞታል። ያን ጊዜ ዕቃው ይመለሳል፤ የነጋዴው ስምም አብሮ ይጎድፋል።

ከወደብ እስከ መጋዘን

ወደ አገራችን በባሕር የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። የወደቡ አየር ሞቃትና እርጥብ ነው። እርጥብ አየር ይዞ የተዘጋ ኮንቴይነር ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ ሲወጣ፣ የሌሊቱ ብርድ ጣሪያውን ያቀዘቅዘዋል። እርጥበቱ በብረቱ ላይ ውሃ ሆኖ ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል። ለዚህ መከላከያ በኮንቴይነሩ ግድግዳ የሚሰቀሉ ትልልቅ እርጥበት መጣጮች አሉ። እነርሱ ግን ካርቶኑን ያድኑ እንደሆነ እንጂ በቺፑ ከረጢት ውስጥ ያለችውን አይተኩም።

ካርዷ ትመስክር

በደንብ የታሸገ ቺፕ አራት ነገር አሟልቶ ይመጣል፦ እርጥበት የማያሳልፍ ወፍራም ብርማ ከረጢት፣ እርጥበት መጣጭ፣ ቀለሟ የሚለወጥ የእርጥበት ጠቋሚ ካርድ፣ እንዲሁም የታሸገበት ቀንና የጥንቃቄው ደረጃ የተጻፈበት ምልክት። ሮዝ ወይም ውስጡን የሚያሳየው ከረጢት ኤሌክትሪክ ይከላከል ይሆናል፤ ለእርጥበት ግን መተማመኛ አይሆንም።

በካርዷ ላይ ብዙውን ጊዜ 5፣ 10 እና 60 በመቶ የሚሉ ክቦች አሉ። በነባሩ ዓይነት ሰማያዊ ደረቅ፣ ሮዝ እርጥብ ማለት ነው። በአዲሶቹ ቀለሙ ስለሚለያይ በካርዷ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበጃል። የ60ው ክብ እንኳ ተለውጦ ከተገኘ ከረጢቱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ብርማው ከረጢት ሲቀደድ ደግሞ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ሦስተኛ እርከን ላይ የተመደበ ቺፕ ከተከፈተ በኋላ በ168 ሰዓት ውስጥ መበየድ አለበት፤ በአራተኛው እርከን 72 ሰዓት ብቻ ነው። ይህም አየሩ ከ30 ዲግሪ ሙቀትና ከ60 በመቶ እርጥበት ካላለፈ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ አየር ከዚህ የእርጥበት ልክ ስለሚያልፍ ጊዜው ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ጥቅሉን ፈትቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሊያስብበት ይገባል። መጣጩም ቢሆን ከ30 ደቂቃ በላይ አየር ላይ ከቆየ በአዲስ መተካት አለበት።

ጊዜው ያለፈበት ቺፕ ሁሉ አይጣልም፤ በምድጃ በ125 ዲግሪ ማድረቅ ይቻላል። ነገር ግን የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ይህን ሙቀት የማይችል ከሆነ በ40 ዲግሪ ማድረቅ ግድ ይሆናል፤ ይህም ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይፈጃል። ያ ሁሉ ወጪ ነው።

ከክፍያ በፊት

በኤል ሲ የሚገዛ አስመጪ ሊዘነጋው የማይገባ ጉዳይ አለ። ባንክ የሚከፍለው ሰነዱን አይቶ እንጂ ዕቃውን ፈትሾ አይደለም። ስለዚህ የአስተሻሸጉ ዓይነት፣ የታሸገበት ቀንና የእርጥበት እርከኑ በፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ፤ ከመጫኑ በፊት የተፈተሸበት ሰርተፊኬትም ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ይሁን። በትክክል የታሸገ ከረጢት በተለመደው ደንብ ቢያንስ 12 ወር እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ቀኑ ያለፈበትን በቅናሽ የሚያቀርብ ደላላ ሲመጣ ቅናሹ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

እዚሁ ገበያ ላይ የሚገዛም ቢሆን ከዋጋው ክርክር በፊት ካርዷን ያሳዩኝ ይበል። ሻጩ ካርዷን ጥያታለሁ ካለ ዋጋውን እንደገና መደራደር፣ ካልሆነም ዕቃውን መተው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።